የመንጋጋ ሕመም፦ ክኒን እስከ መቼ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ጀመዓ፣ ስድስት ወር ሆነኝ። ጆሮዬ ሥር ያለው መገጣጠሚያ አፌን ስከፍት ቋ ይላል፣ ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ድንጋይ ሆኖ ነው የማገኘው። ጥርስ ነው ብለው አንዱን ነቀሉልኝ፣ ሕመሙ ግን ፍንክች አላለም። ዳይክሎፌናክ ስውጥ ይተወኛል፣ ጨጓራዬ ግን ተቃጠለ። ሌላ ምን መድኃኒት አለ?

የጦሳ ልጅ፦ አብሽር፣ እኔም አልፌበታለሁ። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አንድ ወገን ናቸው፣ ጨጓራ ላለበት ሰው ለወራት የሚዋጡ አይደሉም፤ ደም ግፊትና ኩላሊትም ይነካሉ። እኔን ደሴ ያየኝ ሐኪም ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊግራም አዘዘልኝ። የድብርት መድኃኒት ነው ሲሉኝ ደንግጬ ነበር፣ ለካ በትንሽ መጠን ለቆየ ሕመምም ይሰጣል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ለውጡን ያየሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። የልብ ችግር ካለብህ ቀድመህ ንገራቸው።

ፋርማሲስቷ፦ ጡንቻ የሚያፍታቱም አሉ፣ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ። ለጨጓራህ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም እንዳያልፍ። ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጫት ትቅማለህ?

ቦርከና፦ ሃሃ፣ በግራ ጉንጬ። የሚያመኝም ግራው ነው።

ፋርማሲስቷ፦ እንግዲያው ክኒኑ ብቻውን ምን ያድርግ! ጫቱንም ቆሎውንም ለጊዜው ተወው፣ ሙቅ ፎጣ ያዝበት።