ፌይሪ ሽሪምፕ መለየት አቃተኝ፣ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ያለሁት ኮሎራዶ ነው፣ ለክላስ ፕሮጀክት ብዬ 3500 ሜትር አካባቢ ካለች ትንሽ የበረዶ ውሃ ኩሬ ፌይሪ ሽሪምፕ (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የውሃ ፍጥረት) አምጥቼ ስሙ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። አኖስትራካ (የፌይሪ ሽሪምፕ ሁሉ ክፍለ መደብ) መሆኑ አያከራክርም፣ ቅርፊት የለውም፣ አይኖቹ በዘንግ ላይ ናቸው፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው የሚዋኘው፣ እግሩንም ሁለቴ ተሳስቼ በሶስተኛው 11 ጥንድ ቆጠርኩ።

የወንዶቹ ሁለተኛ አንቴና ወፍሮ ሴቷን መያዣ ሆኗል፣ ሁለት አንጓ ነው፣ ጫፉ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ። ስትሬፕቶሴፋለስ የሚባለው ዘር ቢሆን ጫፉ ላይ እንደ ጣት የተከፈለ እጅ ይኖረው ነበር፣ ግንባሩ ላይም ምንም የተንጠለጠለ ነገር ስለሌለ ብራንኪኔክታ የሚባለው ዘር ነው ብያለሁ (ይሄ ዘር እኮ ቺሊ ውስጥ 5930 ሜትር ላይ ሁሉ ተገኝቷል፣ ጉድ ነው)።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ከብራንኪኔክታ ኮሎራደንሲስም ፓሉዶሳም የሚባሉ ዝርያዎች አሉ፣ ለመለየት ደግሞ የአንቴናውን የመጀመሪያ አንጓ ውስጠኛ ጎን ማየት አለብኝ፣ የኔዎቹ ግን አልኮል ውስጥ ተኮማትረው አንቴናቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ደርቋል፣ ማይክሮስኮፕ ስር በመርፌ ላቃናው ስል አንዱን ቀጭ አደረግኩት፣ እንዴት እንደተናደድኩ! ሴቶች አሉኝ፣ የእንቁላል ከረጢታቸውም በደንብ ይታያል፣ ግን በሴት ብቻ እርግጠኛ መሆን ከባድ ነው።

አሁን የቀሩኝ ወንዶች 4 ናቸው። የደረቀ አንቴና ሳይሰበር በምን ይለሰልሳል? ወይስ አንቴናውን ትቼ ብልቱን ልይ? ፎቶ ካስፈለገ ማታ አነሳለሁ።