ላምና ባዶ ግንድ ያለበት የእንግሊዝ ሸክላ፦ ለምን ያገለግላል?

ጠያቂ (ከሊድስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሁለት የእንግሊዝ ሸክላዎች ገዛሁ። አንደኛው ላይ ላም ከነጥጃዋ ቆማለች፤ ከኋላዋ ውስጡ ክፍት የሆነ የዛፍ ግንድ አለ። ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። ጀርባው ጠፍጣፋ ነው፣ ቀለምም አልተቀባም። ማህተም የለውም። ሁለተኛው እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ ዙሪያውን ጠባብ ቦይ አለው፣ ከሥሩ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ይላል። ምንድን ናቸው?

ዕቃ ወዳድ፦
የላሟ ዕቃ ግሩም ነው! የአበባ ግን አይደለም። ስፒል ቬዝ ይባላል። ግንዱ ውስጥ ስስ የእንጨት ስንጥር ወይም የተጠቀለለ ወረቀት ይደረድሩበት ነበር። አንዱን መዘው ከምድጃው ይለኩሱና ሻማ ወይም ፒፓ ያቀጣጥሉበታል። በእንግሊዝ ክብሪት መሸጥ የጀመረው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን እሳት እየነደደ ክብሪት ማን ያባክናል? እኛም ከፍም በጭራሮ ኩራዝ እንለኩስ የለ! ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነው ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ነው። ማንም ለማያየው ጎን ቀለም አያወጡም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ጊዜ፣ በሸክላ ሥራ በታወቀው የእንግሊዝ አውራጃ በስታፈርድሻየር በብዛት ተሠርቷል።

የስቶክ ነዋሪ፦
ልክ ነው፤ ግን ቅጂውም ሞልቷል። እህቴ፣ እስቲ ገልብጪውና ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ እዪ። ድሮ ጭቃውን ሻጋታ ላይ በእጅ እየጫኑ ስለሚሠሩት፣ እቶን ውስጥ አየር የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተዉለታል። በኋላ የመጡት ግን ፈሳሽ ጭቃ ተሞልቶ ትርፉ የሚደፋባቸው ናቸው፤ የእነሱ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ጣት ያስገባል። ማህተም ማጣቱ አያስጨንቅሽ፤ የስታፈርድሻየር ምስሎች አብዛኞቹ የላቸውም። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለው ግን ባብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ጠያቂ፦
አየሁት፣ የክብሪት እንጨት ብቻ ነው የሚያስገባው! ቀለበቱስ?

አበባ ሻጭ፦
እሱ የጠረጴዛ ነው። ቦዩን ውሃ ሙይና አበባውን ከአንገቱ አሳጥረሽ ዙሪያውን ደርድሪ። አጭር ስለሆነ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው አይጋርድም። መሃሉ ላይ ሻማ ይቆማል። የላሟ ላይ ግን ውሃ እንዳታደርጊ፤ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ከተሰነጣጠቀ ውሃው ሰርጎ ያጠቁረዋል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አታስገቢው፣ ቀለሙ ይላጣል። ለስለስ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። የደረቀ የስንዴ ዛላ ብታስገቢበት ያምራል።