ኮዴይንና ጂን፦ ለባልደረቦቼ እንዴት ላስረዳ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። በቅርቡ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ትወስድ ነበር። ሕፃኑ ጡት አልይዝ አለ። እግሩን ብነካካውም ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይተኛል። በጣም ደነገጥኩ። ደግነቱ መድኃኒቱ ሲቆም ነቃ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ኮዴይንን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን (እንቅልፍ ወደሚያመጣ ጠንካራ ማስታገሻ) የሚቀይረው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም ጂን (በዘር የሚወረሰው መመሪያ) የተደጋገመበት ሰው ቶሎና አብዝቶ ይቀይራል። ሞርፊኑ ደግሞ ወደ ጡት ወተት ያልፋል። ኢትዮጵያውያን ላይ በተሠራ ጥናት 29 በመቶ ገደማው እንዲህ ዓይነት ጂን ተገኝቶባቸዋል። ይሄን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም!

አሁን ለክፍላችን ሠራተኞች ገለጻ ስጪ ተብያለሁ። የጂን ምርመራ በሌለበት እናቲቱን ምን ብለን እንጠይቃት? ምን እንከታተል? በአማርኛ ያስተማራችሁበት ነገር ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።