ፍቅር እስከ መቃብርን በጠረጴዛ ማጫወት፦ መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ተጫዋች ሲኖር ምን ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከሽምብጥ፦
ሰላም ጓዶች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ባሕር ዳር ነን፣ አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሮል ፕሌይ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህርይ ሆኖ ይናገራል፣ ያሰበው ይሳካ አይሳካ ዳይስ ተወርውሮ ይታያል። ታሪኩን የምመራውና የቀሩትን ሰዎች የምናገርላቸው አጫዋቹ እኔ ነኝ። የፈረንጆቹን የድራጎን ታሪክ ትተን አሁን የራሳችንን አገር አማረን፣ ፍቅር እስከ መቃብርን መረጥን። ማንኩሳም ዲማም እዚሁ ጎጃም ነው፣ መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ቤተሰብ አለው። ችግሩ ግን ከዚሁ መጣ። አንዱ ልጅ መጽሐፉን ከነገጹ ያውቀዋል፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ፊታውራሪ መሸሻ እንዲህ አይሉም» ብሎ ያቆመኛል። አንዷ ደግሞ አንብባው አታውቅም፣ እንዳልሳሳት ብላ ዝም ትላለች። የቀሩት ሁለቱ ገና ሳንጀምር በዛብህን ከሞት እናድን ብለው ተነሱ። ልፍቀድ ወይስ ልከልክል? ባለ 20 ገጹ ዳይሳችንም ጠፍቶብናል፣ እዚህ የሚሸጥበት አላገኘሁም።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከዋናዎቹ ሰዎች ራቅ በል። በደራሲው ቶልኪን ዓለም ላይ የተሠራው ዘ ዋን ሪንግ የሚባለው የሮል ፕሌይ ጨዋታ የሚካሄደው ሆቢትና የቀለበቶቹ ጌታ በተባሉት በሁለቱ መጻሕፍቱ ታሪክ መካከል ባለው ጊዜ ነው። ዓለሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ በዚያ ጊዜ የሚሆነው ግን የተጫዋቾቹ ነው። አንተም እንደዚያ ክፍተት ፈልግ። ፊታውራሪ ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፣ አበጀ በለው መራቸው፣ ፊታውራሪም ዘምተው ተማረኩ። ያ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሌሊቶች በየጎጆው ምን ተወራ? ማን ፈራ፣ ማን ስንቁን ደበቀ፣ ማን ለፊታውራሪ ወሬ አቀበለ? እዚያ ውስጥ አስገባቸው፣ ለብዙ ቅዳሜ ይበቃችኋል።

መልስ 2፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ታሪኩን የሚወደው በዛብህና ሰብለ ስላሉበት ነው፣ እነሱን ከከለከልካቸው የቀረው ምኑ ነው? በቃ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እስከዚህ ቀን መጽሐፉ እውነት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የኛ ነው በሉና ቀኑን በወረቀት ጻፉት። ከዚያ በኋላ «እንዲህ አልነበረም» የሚል ክርክር አይነሳም።

መልስ 3፣ ከዘጌ፦
አዋቂውን ልጅ አትቆጣው፣ ሥራ ስጠው። ጉዱ ካሳ በመጣ ቁጥር እሱ ይናገርለት። የመኳንንቱን ልማድ ፊት ለፊት የሚነቅፍ ሰው ነው፣ ስለዚህ መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ካልያዘው ይበላሻል። ሌላ ነገር ካወቀ ደግሞ በጨዋታው መሀል ሳይሆን በቡናው ሰዓት ይንገርህ። ያላነበበችዋን እህታችንን ከኛ አገር አድርጋት፣ ቡና ጭና ዲማ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰች የዘጌ ነጋዴ ትሁን። በልማዳችን ዘጌ ላይ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ ኑሮው ቡና ነው፣ ስለዚህ ስለ እህል ግብር ብትጠይቅ ማንም አይደነቅባት። እሷ የማታውቀውን ገጸ ባህርይዋም አታውቀውም፣ ዝምታዋ የሚፈታው እንደሱ ነው።

መልስ 4፦
ለዳይሱ አትጨነቅ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የስታር ዋርስ ሮል ፕሌይ ጨዋታ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ብቻ ነበር የሚጠቀመው። ሁለት የሉዶ ዳይስ ወርውረህ ደምር። 7 ከ36 አጋጣሚ በ6 ይወጣል፣ 12 ግን በ1 ብቻ። ቀላል ነገር 6ና ከዚያ በላይ ይፈልግ፣ ከ36 በ26 ይሳካል። ከባዱ 9ና ከዚያ በላይ፣ ከ36 በ10። ባለ 20 ገጹ ላይ ሁሉም ቁጥር እኩል ዕድል ስላለው ጎበዙም ደካማውም ይቀላቀልብሃል፣ ለገበሬና ለነጋዴ ታሪክ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ጠያቂው፣ ከሳምንት በኋላ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ባለፈው ቅዳሜ ሞከርነው። ከዘመቻው በፊት ባለው ሌሊት ጀመርን፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው የተጫወትነው፣ እሱም ረድቶናል። የዘጌዋ ነጋዴ «ይሄን ሁሉ እህል ለማን ነው የምትሰፍሩት?» ብላ ስትጠይቅ ገበሬዎቹን የማጫውተው እኔ ራሴ መልስ አጣሁ፣ ጉዱ ካሳ መለሰላት። ያ ልጅ ማታውን ሙሉ አንዴም አላቋረጠኝም። ቀኑንም በወረቀት ጽፈናል። ሁለቱ ልጆች አሁንም ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን በዛብህን እንድረስለት እያሉ ነው፣ ፈቅጃለሁ፣ መንገድ ላይ የሚጠብቃቸውን ሽፍታ ለቅዳሜ እያዘጋጀሁ ነው።