አክሱምን ማን ጣለው? ደግሞስ በእርግጥ ወድቋል?

ጥያቄውን ያነሳው አባት፦

ሰላም ወገኖች። በቀደም ማታ የስምንተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ ከታሪክ መጽሐፉ ቀና ብሎ «አባዬ፣ አክሱምን ማን አጠፋው?» አለኝ። እኛ በልጅነታችን የተማርነውን «ዮዲት ጉዲት» የሚለውን መልስ ልሰጠው ስል አፌ ላይ ቀረ። የዮዲት ዘመን 10ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አክሱም ግን የራሱን ገንዘብ መምታት ያቆመው በ7ኛው ነው። ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ የደከመን ቤት እሷ አፈረሰችው ማለት ፍርድ ማጓደል መሰለኝ። (እንዳንምታታ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።)

በ3ኛው ክፍለ ዘመን በፋርስ ግዛት የኖረው ሰባኪ ማኒ የዓለምን ታላላቅ መንግሥታት ሲቆጥር አራት ነው ያለው፦ ሮም፣ ፋርስ፣ አክሱምና ቻይና። እንዲህ ያለውን ሥልጣኔ ምን አቆመው? ምንስ ጣለው? እኔ ሁለቱንም ያደረገው ባሕሩ ነው እላለሁ። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ዙላ አጠገብ ያለችው አዱሊስ የአክሱም ደጅ ነበረች። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈ አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ከዚያ እስከ አክሱም ስምንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልባስ እንደሚወጣ፣ ጨርቅ፣ ብረት፣ ወይንና የወይራ ዘይት እንደሚገባ መዝግቧል። አፄ ካሌብ በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዛሬዋ የመን የነበረውን የሂምያር መንግሥት እስከ መያዝ ደርሷል። በ570 ገደማ ግን ፋርሶች የመንን ያዙ። በ702 ዓረቦች የዳህላክ ደሴቶችን ወሰዱ። በ762 ባግዳድ ስትቆረቆር ደግሞ የሕንድ ንግድ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ አደላ። ደጁ ሲዘጋ ቤቱ ታፈነ። የማትስማሙ ተናገሩ።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፤ ግን ዮዲትን እንዲህ በቀላሉ አታሰናብታት። ስሟ ከአፈ ታሪክ ይሁን እንጂ ጥፋቱ ከአፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአባ ፊላታዎስ ዘመን (979–1003) የሐበሻው ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ በግብጽ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት ተጠብቋል። አንዲት ንግሥት አገሬን አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፣ እኔም ከቦታ ወደ ቦታ እሰደዳለሁ እያለ ይማጸናል። ኢብን ሐውቀል የተባለው የዚያው ዘመን ዓረብ ተጓዥም በሐበሻ የምትገዛ ሴት መኖሯን ጽፏል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ንጉሡ ራሱ የሰጠው ምክንያት ነው። ወደብ አላለም፣ ንግድ አላለም። ይህ ሁሉ የደረሰብን ጳጳሳችንን ስለበደልን ነው አለ። ለብዙ ዓመታት ከእስክንድርያ ጳጳስ አልተላከላቸውም ነበር። ጳጳስ ከሌለ ቄስ የሚሾም የለም፤ ቄስ ካለቀ ቤተ ክርስቲያን ይዘጋል። ታቦቱን የሚያህል ነገር ቁልፉ ባሕር ማዶ ሲቀመጥ ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ይህም እስከ 1959፣ የራሳችን ፓትርያርክ እስኪሾም ድረስ የዘለቀ ጉዳይ ነው።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፦

መምህር፣ ስለ ደብዳቤው አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ ከመሬቱ ልነሳ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ተቀባይነት ያገኘ አስተያየት ነበር፦ ሕዝቡ ሲበዛ ደኑ ተመነጠረ፣ አፈሩ ታጠበ፣ ዝናቡም ቀነሰ፣ ከተማዋ ራሷን መመገብ አቃታት የሚል። በኮሌጅ የተማርነው ይህን ነው፤ እኔም ለዓመታት ገበሬ ሰብስቤ «አክሱምን ያየህ እርከንህን ጠብቅ» ስል ኖሬያለሁ። ኋላ ግን በአክሱም ዙሪያ ባሉ ሸለቆዎች የተደረጉ የአፈር ጥናቶች መሬቱ እንደታሰበው እንዳልተራቆተ አሳዩ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አፈሩን ብቻውን ጥፋተኛ ማድረግ አልችልም።

ግን ወንድሜ፣ ባሕሩንም ብቻውን አትክሰስ። በዝሆን ጥርስ የሚበላው ቤተ መንግሥቱ ነው። ገበሬው በሬውን ጠምዶ፣ ጤፉንና ገብሱን ዘርቶ የሚኖር ነው። አዱሊስ ስትዘጋ ማረሻው አልቆመም።

ከጅዳ የምትጽፍ እህት፦

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ከባሕሩ ማዶ ነኝ። ከናንተ የተለየ ነገር ነው የማነሳው፤ የማርብ ግድብ። የመኖቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሠሩት፣ ምድረ በዳውን አትክልት ቦታ ያደረገ ግድብ ነው። ካሌብ ካስገበረው በኋላ እዚያ የነገሠው አብርሃ፣ ከአክሱም ሠራዊት የወጣው ሰው፣ በ548 ገደማ ግድቡ ሲሰበር አስጠግኖታል። ያስጠገነበትንም ድንጋይ ላይ አስጽፎታል፤ ለሠራተኛው የወጣውን ዱቄትና ሥጋ ሳይቀር። በመሃል ወረርሽኝ ገብቶ ሰዎቹን አሰናብቶ እንደገና እንደሰበሰባቸውም ይናገራል። ሮምን ያንቀጠቀጠው ወረርሽኝ በ541 ግብጽ ላይ የታየ ስለሆነ ብዙዎች ከዚያ ጋር ያያይዙታል።

ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግድቡ ዳግም ተሰበረ። ያን ጊዜ የሚጠግነው አልተገኘም፤ ሕዝቡ ተበተነ። ጎርፉ ያው ጎርፍ ነው። የተለወጠው ሰው የሚሰበስብ፣ ዱቄት የሚሰፍር እጅ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ «ምን ጣለው» ከምንል «መጠገን መቼ አቆመ» ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። ጠላትም፣ ድርቅም፣ በሽታም በየዘመኑ አለ።

ዲያቆን፦

እህቴ የልቤን ተናገርሽ። እንደሱ ከሆነ አክሱም አልወደቀም። ግዕዙ አለ፣ ቅዳሴው አለ፣ ዜማው አለ። የአባ ገሪማ ወንጌል በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ እስከ ዛሬ በገዳሙ አለ። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ለዓለም ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በ1436፣ ሠርፀ ድንግልም ከዚያ በኋላ ለሥርዓተ ንግሥ አክሱም የሄዱት ፍርስራሽ ለማየት አይደለም። ይህን ሁሉ ያቆየው ደግሞ ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። እየለመነ ፊደል የሚቆጥር የቆሎ ተማሪ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ውሻ እየነከሰኝ ዳዊት ደግሜያለሁ።

የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ፦

ዲያቆን፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። «አልወደቀም» ማለት የጠፋውን እንዳናለቅስለት ያደርጋል።

እንዱቢስ የሚባል ንጉሥ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወርቅ መታ። ከሱ እስከ አርማህ ድረስ ነገሥታቱ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ስማቸውን ጻፉ። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውን አንስቶ መስቀል አደረገበት። በአንዳንዶቹ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል አለ። ገንዘቡን ለሚይዘው ሰው ምርቃት የሚጽፍ መንግሥት ነበረን! ከዚያ በኋላ የሐረር አሚሮች የመቱትን ካልቆጠርን እስከ ምኒልክ ድረስ የራሱን ገንዘብ የመታ አልነበረም። ከሺህ ዓመት በላይ በአሞሌ ጨው፣ ኋላም በማርያ ትሬዛ ብር ተገበያየን።

ሌላው ይብሳል። እንዱቢስ የሚለውን ስም ማን ነገረን? መዛግብታችን አይደሉም። በመካከለኛው ዘመን የተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮች ከሳንቲሞቹ ጋር የሚገጥሙት በጥቂት ስም ብቻ ነው። ያወቅነው ከአፈር ከወጣ ቁራጭ ብረት ነው። 33 ሜትር የሚረዝመው፣ አምስት መቶ ቶን የሚያልፈው ሐውልት እንዴት ከተፈለፈለበት ቦታ መጥቶ እንደቆመ፣ ወይም ሲቆም እንደወደቀ፣ የጻፈልን የለም። ድምፁን ጠብቀናል፣ እሺ። ሙያውንና ስሙን ግን አጥተናል። ይህ ካልወደቀ ምን ይወድቃል?

ዲያቆን፦

የነገሥታቱን ዝርዝር በተመለከተ ትክክል ነህ። ዒዛናን ራሱን «አብርሃ ወአጽብሐ» ብለን እንጂ በሳንቲሙ ስም አናስበውም። ስለ ሙያው ግን እነ ላሊበላን ምን ልትላቸው ነው? ዓለት የሚፈለፍል እጅ ከየት መጣ?

ከጅዳ የምትጽፍ እህት፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ለማለት አልፈልግም፤ ይልቅ የቀረውንና የጠፋውን ለያይተን እንየው። ሳንቲሙ በአንድ ቤተ መንግሥት እጅ ነበር፤ እሱ ሲደክም አብሮ ሄደ። ጵጵስናው መምህር እንዳሉት በአንድ ሩቅ መንበር እጅ ነበር፤ አገር እስከ ማናጋት አደረሰ። ግዕዙ ግን በሺህ እጅ ነበር፤ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ዘንድ አለ። ማረሻውም እንደዚያው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ የደረሰው ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ጸሐፊ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ፍለጋ ሲወርዱ ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። ወርቁ ቀረ። ጨው ግን አሁንም ከአፋር በግመል ይወጣል፤ አባቴ በልጅነቱ መቀሌ ገበያ ሲራገፍ ያይ ነበር።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፦

ይህን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሺህ እጅም ቢሆን የሚያስተባብረው ይፈልጋል። ትግራይ ስሠራ ገበሬው በዓመት ሃያ ቀን በነጻ እርከን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ቆመ። እርከን ደግሞ ለአንድ ክረምት ካልታየ ድንጋዩ ይናዳል፤ በሁለተኛው ቦይ ይሆናል። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦

ባለሙያው፣ የነገርከን ከኔ ደብዳቤ ይበልጣል። አንተም አባት፣ ልጅህን ምን አልከው?

ጥያቄውን ያነሳው አባት፦

ገና አልመለስኩለትም መምህር። ወደቡን አልተውኩም፤ ያለሱ ወርቁም ሐውልቱም አይኖርም ነበር። ነገ ማታ ግን መጀመሪያ የማሳየው የእንዱቢስን ሳንቲም ፎቶ ነው፤ ሰብሳቢው ወንድሜ፣ ጥርት ያለ ካለህ ላክልኝ። ቀጥሎ ስለ ማርብ ዱቄት እነግረዋለሁ።