አስቸኳይ! የቢሊ ቦስተን ፓወርፖይንት አልከፈት አለኝ

የሁለት ልጆች እናት፦
እባካችሁ ለነገ ጠዋት ነው። ልጄ ስለ ቢሊ ቦስተን፣ ለዌልስ ራግቢ ይጫወት ስለነበረው የካርዲፍ ሰው፣ ሁለት ሳምንት የደከመችበት ሥራ አልከፈት አለ። ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። 3 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ታቀርባለች። እሷ እያለቀሰች ነው፣ እኔም ልከተላት ነው።

ቀልደኛው፦
3 ሰዓት በፈረንጅ ከሆነ መምህሯም አልተነሣችም፣ አይዞሽ።

ጋሼ፦
ስንቴ እንናገር! ፍላሽ እንደ ሽንኩርት ተመንግሎ አይወጣም። ሥራ ደግሞ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የዘንድሮ ልጅ ግን ማን ይሰማል?

የሁለት ልጆች እናት፦
ጋሼ፣ ፍላሽ መሆኑን ማን ነገረዎት? (ነው ግን።)

ዳዊት ነኝ፦
ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኚውና በስላይድስ ክፈቺው።

ዊገን ያለሁት፦
ከፋይሉ በፊት የተበላሸው አርእስቱ ነው። ራግቢ ሁለት ነው፤ ዩኒየን 15 ሰው፣ ሊግ 13። በፈረንጆቹ 1895 በተጫዋቾች ክፍያ ተጣልተው ተለያዩ። ቦስተን የካርዲፉ ታይገር ቤይ ሰፈር ልጅ ነው፣ አባቱ ከሴራሊዮን። ሕልሙ ለካርዲፍና ለዌልስ ዩኒየን መጫወት ነበር፣ ለጥቁር ልጅ በሩ አልተከፈተም። በ1953 የእንግሊዙ ሊግ ክለብ ዊገን ሰዎች ሊያስፈርሙት ቤቱ መጡ። እናቱ ይሸሻሉ ብላ 3,000 ፓውንድ ጠራች፤ እሺ አሉ! ያኔ ወደ ሊግ የሄደ ወደ ዩኒየን አይመለስም ነበር። ለዊገን በ488 ጨዋታ 478 ትራይ አገባ። ልጅቷ ይህን ካላለች ምን ልትል ነው?

ቀልደኛው፦
ትራይ ማለት ሞከረ አይደል? 478 ጊዜ ሞክሮ ነው የሚደነቀው?

ዊገን ያለሁት፦
ኳሷን ይዞ ከመስመሩ አልፎ መሬት ማስነካት ነው፣ ወንድሜ።

ጥገና ቤት፦
ከፍላሹ ላይ አትክፈቺው። መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጊ። ፓወርፖይንትን ባዶውን ክፈቺ፣ ፋይል፣ ኦፕን፣ ብራውዝ፤ ፋይሉን ምረጪና «ኦፕን» አጠገብ ያለችውን ትንሿን ቀስት ተጫኚ። «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» ይመጣል።

ሰላም ለሁሉ፦
ጉግል ድራይቭ ላይ ሞክሪው እህቴ።

ዳዊት ነኝ፦
ብያለሁ እኮ!

የባሕር ዳር ልጅ፦
ካርዲፍ ከሆናችሁ ለምን ትጨነቃላችሁ? ካርዲፍ ቤይ በ2023 የቆመ ሐውልቱ አለ፣ እንደሱ የሊግ ተጫዋቾች ከነበሩት ከክላይቭ ሱሊቫንና ከገስ ሪስማን ጋር። በጠዋት ሄዳችሁ አጠገቡ ፎቶ አንሺያት፤ የቀረውን በቃሏ ትናገር። በ1954 ገና በ19 ዓመቱ ከታላቋ ብሪታንያ ቡድን ጋር ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄዶ 36 ትራይ አገባ። በ1957 ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ በአፓርታይድ ምክንያት እሱ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ2025 ደግሞ ከሊግ ተጫዋቾች «ሰር» የሚባለውን የእንግሊዝ የክብር ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። እኔ መምህር ብሆን ስለ ደቡብ አፍሪካው ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ።

ጋሼ፦
ፎቶውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ጥገና ቤት፦
እናት፣ ተከፈተ?

ዳዊት ነኝ፦
እኔም ይህን ላይ ታች ስል አንድ ኤክሴል አልከፈት አለኝ።