ሁለት ዓለም ያለው ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ አንባቢዎቼ የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳሉ ጠፋባቸው

ጥያቄ፦ ከቡራዩ፣ የጽሕፈት ቤት ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ቡራዩ ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ቀን የሰው ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፤ ማታ በሩን ዘግቼ የራሴን እጽፋለሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሻማ በደብተር ላይ እቀጥላለሁ።

የምጽፈው ልብ ወለድ ስለ ትይዩ ዓለም ነው። ትዕግሥት የምትባል ሴት አለች። በዚህኛው ዓለም ያላገባች የጽሕፈት ሠራተኛ ናት። በዚያኛው ዓለም ያችው ትዕግሥት ሐኪም ሆናለች፤ አግብታ ወልዳለች። አንድ ሳይንቲስት በሠራው መሣሪያ ምክንያት ሁለቱ ዓለማት ይገናኙና ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ቤት መግባት ይጀምራሉ።

60 ገጽ ደርሼ ለሦስት ሰዎች አተምኩላቸው። ሦስቱም 40ኛው ገጽ አካባቢ ሲደርሱ አቆሙ። ታናሽ እህቴ በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ይህቺ የቷ ናት?» ብላ ጻፈች። ከሦስት ገጽ በኋላ «ይህቺስ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጻፈችም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ያ ንጹሕ ወረቀት ከጥያቄዎቹ ይልቅ አሳዘነኝ።

በየምዕራፉ ራስጌ «ዓለም አንድ»፣ «ዓለም ሁለት» እያልኩ ሞክሬ ነበር፤ የፈተና ወረቀት መሰለብኝ። በቴሌቪዥንም በመጽሐፍም ይህን የሠሩ ሰዎች አንባቢያቸውን እንዴት ይዘው ነው የሚያሻግሩት? መሣሪያውንስ በሳይንስ ማስረዳት አለብኝ? ፊዚክስ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ብቻ ነው። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ከለገጣፎ፣ የመጻሕፍት አርታኢ

እህቴ፣ እህትሽ በእርሳስ የጻፈችበትን ወረቀት አስቀምጪው። መንገዱ የጠፋባት የት ላይ እንደሆነ በትክክል አሳይታሻለች።

ያንቺ ችግር የቆየ ችግር ነው። «ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው አንድ ክፍል የአንዲት የጠፈር መርከብ መኮንኖች ራሳቸውን የሚመስሉ ጨካኞች ወደሚኖሩበት ዓለም ይገባሉ። ተዋንያኑ እነዚያው ናቸው፤ መርከቧም ያችው ናት። ታዲያ ከመኮንኖቹ አንዱ ለሆነው ለስፖክ፣ ለዚያኛው ዓለም ስፖክ ማለት ነው፣ ጢም አደረጉለት። ተመልካቹ ጢሙን ባየ ጊዜ የት እንዳለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 የታየው «ፍሪንጅ» የተባለ ተከታታይ ደግሞ በቀለም ነው የሠራው። የመክፈቻው ጽሑፍ ለዚህኛው ዓለም ሰማያዊ፣ ለዚያኛው ቀይ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ ላይ ገጸ ባሕሪዋ አንድ ቢሮ ውስጥ ቆማለች፤ ካሜራው ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ያለችበት ሕንፃ በእኛ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2001 ከፈረሱት የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ማብራሪያ የሚፈልግ ተመልካች የለም።

አንቺ ካሜራም ቀለምም የለሽም፤ ሽታ፣ ድምፅና ቃል ግን አለሽ። በአንደኛው ዓለም ብቻ የሚገኝ፣ ሰው በየቀኑ በእጁ የሚነካው አንድ ነገር ምረጪ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ውስጥ እንዲኖር ወይም እንዲጎድል አድርጊ። ያንቺ ሁለት ሴቶች የሚለያዩት በሥራና በትዳር ነው፤ ሐኪምነት ግን ጓዳ ውስጥ አይታይም። ሽንኩርት ስትከትፍ ሐኪሟም ጸሐፊዋም አንድ ናቸው። እህትሽ የተደናገረችው በዚህ ይመስለኛል።

ምልክቱን አንባቢው ከለመደው በኋላ ወደ ጠባይ እለፊ። «ካውንተርፓርት» በሚባለው ተከታታይ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 አንዱ ዓለም ሁለት ይሆናል። ተዋናዩ ጄ ኬ ሲመንስ ሁለቱንም ሰዎች ይጫወታል፤ ጢም የለ፣ ጠባሳ የለ። አንደኛው ትከሻውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ሌላኛው ክፍሉ የእርሱ እንደሆነ ሁሉ ይቆማል። አንዲቷን ትዕግሥት በር አንኳኩታ የምትጠብቅ፣ ሌላዋን እያንኳኳች የምትገባ ብታደርጊያቸው ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ይቀርልሻል።

መልስ፦ ከሰበታ፣ የፊዚክስ መምህር

ስለ ሳይንሱ የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ።

እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን በሚያጠናው በኳንተም ፊዚክስ አንድ ቅንጣት እስኪለካ ድረስ የሚገለጸው በአንድ ሁኔታ ሳይሆን በብዙ ሁኔታዎች ድምር ነው። ሲለካ የሚገኘው ውጤት ግን አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ የት ሄዱ? የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1935 ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባት ሕያውም ሙትም ተብላ ስለምትገለጽ ድመት የጻፈው ይህ ጥያቄ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሂዩ ኤቨረት የተባለ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዶክትሬት ጽሑፉ ደፋር መልስ ሰጠ፤ የትም አልሄዱም፣ ሁሉም ውጤቶች አሉ፣ የሚለካው ሰውም አብሮ እንደ ቅርንጫፍ ይከፋፈላል አለ። ሐሳቡ «ብዙ ዓለማት» በሚል ስም የታወቀው ከዓመታት በኋላ ብራይስ ዴዊት የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሲያስተዋውቀው ነው። ዛሬም የሚቀበሉትና የማይቀበሉት ሊቃውንት ይከራከሩበታል።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ቀጥሎ ያለው ነው። በኤቨረት ሐሳብ መሠረት ቅርንጫፎቹ አንዴ ከተለያዩ በኋላ በመካከላቸው ደብዳቤ እንኳ አያልፍም። ስለዚህ በሩን የሚከፍተው መሣሪያ የፊዚክስ ሳይሆን የልብ ወለድ ፈቃድ ነው። በሁለት ገጽ ካስረዳሽው የሚያውቀው አንባቢ ይከራከርሻል፤ የማያውቀው ይሰለቻል። በአንድ መስመር እለፊው።

ደግሞም የመረጥሽውን ቃል ልብ በይው። ተማሪዎቼን በአንድ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያሉ ሁለት መስመሮች ትይዩ ናቸው የምንለው ምን ያህል ቢረዝሙ የማይገናኙ ከሆነ ነው ብዬ አስተምራለሁ። አንቺ የማይገናኘውን ልታገናኚ ነው፤ እንግዲያው መገናኘቱ ዋጋ ያስከፍል። በ«ፍሪንጅ» አንድ ልጁ የሞተበት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1985 ተሻግሮ የዚያኛውን ዓለም ልጁን ያመጣል፤ በዚያ አንድ መሻገር ሁለቱም ዓለማት መቀደድ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የዚያ አባት ዕዳ ነው። ያንቺ ትዕግሥት ስትሻገር ምን ታጣለች? እኔ አንባቢሽ ብሆን የምጠይቅሽ ይህን ነው።

መልስ፦ ከኮዬ ፈጬ፣ አንባቢ

ከመምህሩ ጋር እስማማለሁ፤ እኔ ግን መሣሪያውንም ሳይንቲስቱንም አውጪያቸው እላለሁ። የጃፓናዊው ሃሩኪ ሙራካሚ «1ኪው84» ውስጥ አንዲት ሴት የመኪና መጨናነቅ ይይዛትና ከታክሲ ወርዳ በፈጣን መንገዱ ዳር ባለ የድንገተኛ ጊዜ ደረጃ ወደ ታች ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ ሁለት ጨረቃ ታያለች። ሌላ ማሽን የለም። እኔ ያን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ ከታክሲ ወርጄ የእግረኛ ድልድይ ስወጣ ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

አንድ ልመና አለኝ። ሐኪሟን ደስተኛ፣ የጽሕፈት ሠራተኛዋን ያዘነች አታድርጊያቸው። እኔም ያላገባሁ ነኝ፤ ሙሉ ሕይወት አለኝ። አንዷ የሌላዋ ምኞት ብቻ ከሆነች ሁለቱም ሰው አይሆኑም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የመጨረሻውን ሐሳብሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነትሽን ነው፤ በራሴ ሕይወት ላይ ፈርጄ ነበር የጻፍኩት።

ሳይንቲስቱን አወጣሁት። አራት ገጽ ተሰረዘ፤ ምንም የጎደለ አልመሰለኝም። አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ። እርሱ ከሌለ ሁለቱ ዓለማት የት ላይ ነው የሚለያዩት? በመጀመሪያ ያሰብኩት የአድዋን ድል ነበር፤ ብንሸነፍስ ብዬ። ነገር ግን ያ በጣም ትልቅ ነው፤ ጦርነቱ ጓዳዬን ይውጥብኛል። እዚሁ ሠፈራችን የሚታይ፣ ትንሽ የሆነ መለያያ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ከአሸዋ ሜዳ፣ ጡረተኛ

ልጄ፣ የምትፈልጊው ነገር በደጃፍሽ በሚያልፈው በአምቦ መንገድ ላይ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ ዓለም ነው። ሆለታን አልፈሽ ትደርሺያለሽ። ስሟን ልብ በዪ፤ አዲስ ዓለም።

አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው የጽድ ደን ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። በዚያ ዘመን እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባን ከመነሣት ካዳኗት ነገሮች ዋነኛው ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዪቱ በቦታዋ ቀረች። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እኔም ክርስትና የተነሣሁት እዚያው በማርያም ነው።

እንግዲህ ባሕር ዛፉ ባይመጣስ? ወይም ዘሩ በመንገድ ቢበላሽስ? መናገሻችን አዲስ ዓለም ትሆን ነበር። ፊንፊኔ በፍል ውኃዋ ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ሆና ትቀር ነበር። ቡራዩ ደግሞ መንገደኛ የሚያድርባት ሜዳ። ልጅ ሆኜ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ፣ እዚህ ቦታ ከተማ ሊሆን ነበር ሲሉኝ ሰውነቴን ይወረኝ ነበር። ይህን ያነሣሁለት ሰው ብዙ የለም።

መልስ፦ ከለገጣፎ፣ የመጻሕፍት አርታኢ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ይህን እንዳትለቂው።

ትንሽ መለያያ ምን ያህል እንደሚሸከም ላሳይሽ። እ.ኤ.አ. በ1933 ጁዜፔ ዛንጋራ የተባለ ሰው ሚያሚ ውስጥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሥልጣን ሊረከብ በተቃረበው በሩዝቬልት ላይ ተኮሰ። ሳተው፤ የቺካጎ ከንቲባ ግን ቆስሎ ኋላ ሞተ። ፊሊፕ ኬ ዲክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ውስጥ ዛንጋራ አልሳተም። በዚያ ምክንያት አሜሪካ ደክማ ጀርመንና ጃፓን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያሸንፋሉ። ደራሲው ግን ገጹን ሁሉ በጦር አልሞላውም፤ ባለ ሱቁ ለጃፓናዊ ደንበኛው ጎንበስ ሲል ስናይ ማን እንዳሸነፈ ይገባናል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ከመጽሐፉ በተሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥም በስውር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፊልም አለ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያ የተከለከለ ልብ ወለድ ነው። የሌላው ዓለም ወሬ በእጅ በሚያዝ ነገር ይመጣል ማለት ነው።

ቅድም በአንደኛው ዓለም ብቻ የሚገኝ አንድ ነገር ምረጪ ብዬሽ ነበር። ጋሼ ሰጥተውሻል። ባሕር ዛፍ በዚህኛው ዓለም አለ፤ በዚያኛው የለም። ከቡራዩ ሆነሽ ዙሪያሽን ተመልከቺ፤ የሚሠራው ፎቅ ሁሉ በአጣና ተደግፏል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በቅጠሉ ይታጠናል፤ ምድጃው በጭራሮው ይነዳል። በዚያኛው ዓለም ይህ ሁሉ በሌላ ነገር መተካት አለበት።

መልስ፦ ከሰበታ፣ የፊዚክስ መምህር

እጅግ ጥሩ ነው። ግን ጥብቅ ሁኚ፤ በዚያኛው ዓለም አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንኳ በስሕተት እንዳይገባብሽ። አንባቢ እምነቱን የሚያጣው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ስትሻገር ልብሷ ላይ ሽታው ተከትሏት ቢሄድ ግን፣ የጠየቅሁሽን ዋጋ ያገኘሽ ይመስለኛል፤ እዚያ ያን ሽታ የሚያውቀው ሰው የለምና መደበቂያ አይኖራትም።

ጠያቂዋ

ትናንት ማታ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁና ሁለት መክፈቻ ጻፍኩ። አንደኛው ይህ ነው፦

«ትዕግሥት መዝጊያውን ወደ ላይ ስትገፋ ሌሊት የዘነበበት አጣና ከመንገዱ ማዶ ሽታውን ላከላት። ልጡ ያልተላጠ፣ ገና እርጥብ ባሕር ዛፍ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ኮምፒውተሩን አበራች።»

ሁለተኛው ደግሞ፦

«ትዕግሥት በሩን ስትከፍት የኩበት ጭስ ከሸለቆው ሽቅብ ይወጣ ነበር። ኮረብታው እስከ አናቱ ራቁቱን ነው። የታማሚዎቿን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች።»

ስሟን በሁለቱም አንድ አድርጌ፣ ራስጌ ሳልጽፍ ለእህቴ ሰጠኋት። እርሳሷን ይዛ ተቀመጠች። በሁለተኛው ጠርዝ ላይ «እዚያኛዋ» ብላ ጻፈች። አዲስ ዓለምን ገና አልነገርኳትም ነበር።

ከዚያ ግን ገልብጣ በጀርባው ሌላ ጥያቄ ጻፈችልኝ፤ «ባሕር ዛፍ ከሌለ ቤታቸውን በምን ይሠራሉ?» ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ። አዲስ ዓለም ውስጥ አጣና ከመምጣቱ በፊት የቆሙ አሮጌ ቤቶችን አይተው እንደሆነ፣ ግድግዳቸውና ጣሪያቸው ከምን እንደነበረ ቢጽፉልኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሴ ሄጄ አያቸዋለሁ።